በሰው አገር ኖሮ በእርጅና ወደ አገር ስለ መመለስ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ የሚባለው በዓል ስሙን ያገኘው ከኦሪት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 50ኛው ዓመት ሲገባ ቀንደ መለከት እንዲነፋ፥ በችግር ምክንያት ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ፥ ለሌላ ያደረም ወደ ወገኑ እንዲመለስ ታዝዞ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የእልልታና የጌጥ በዓል ከመሆኑ በፊት የመመለስ ዓመት ነበረ። ሕጉም መመለስን ሲያዝ ርስትንና ወገንን አንድ ላይ ጠራ። ርስቱን አግኝቶ ወገኑን ያጣ ሰው፥ ተመለሰ ቢባልም ከመንገዱ እኩሌታ የቀረ ነው።

ስለዚህ በዚህ በዓል ስለ መመለስ መናገር ከበዓሉ አሳብ መራቅ አይሆንም። የሚነገረውም በወጣትነቱ ከአገሩ ወጥቶ፥ ጉልበቱን በሰው አገር ጨርሶ፥ ጠጕሩ ከሸበተ በኋላ «ወደ ተወለድሁበት ልግባ» ብሎ ስለሚያስብ ሰው ነው። ይህ አሳብ የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው በአፍሪካና በእስያ ሲኖር ያስበዋል፤ ግሪኩና አርመኑ በአራዳ ሲኖር አስቦታል፤ የአራዳ ልጅም ዛሬ በዋሽንግተንና በሎንዶን፥ በስቶክሆልምና በሮም ሆኖ ያስበዋል። ሁሉም የሚጠይቀው «መቼ ልመለስ? ወደ ምንስ እመለሳለሁ?» እያለ ነው። ከሁለቱ ጥያቄ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚጨነቀው ስለ ፊተኛው ነው።

አራዳ ለዚህ ነገር ቅርብ ምስክር ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ታላቁ ገበያ፥ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ወደ ምዕራብ ወስደው መርካቶ እስኪያደርጉት ድረስ፥ የከተማው ሁሉ መገናኛ ነበረ። በገበያው ዙሪያም የህንድ፥ የአርመን፥ የግሪክ፥ የዓረብና የጣልያን ነጋዴዎችና የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ሱቅና ቤት ሠርተው ተቀመጡ። በሰው አገር የሚነግድ ሰው ሲመጣ «ጥቂት ዓመት ሠርቼ፥ ጥቂት ገንዘብ ይዤ እመለሳለሁ» ማለቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን በጥቂቱ ዓመት ውስጥ ልጅ ይወለዳል፤ ልጁም ትምህርት ቤት ያሻዋል፤ ትምህርት ቤት በተሠራበት ቤተ ክርስቲያን ይታነጻል፤ ቤተ ክርስቲያን በታነጸበትም የመቃብር ቦታ ይለካል። እንዲህ ሆኖ ግሪኮች በቅዱስ ፍሬምናጦስ ስም፥ አርመኖችም በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም በዚሁ በአራዳ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን አቆሙ።

ከአርመኖቹ መካከል ፈጽሞ መመለሻ የሌላቸው ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፥ ወላጆቻቸው በቱርክ አገር በደረሰው እልቂት ያለቁባቸውን፥ በአርመን ገዳም የሚያድጉትን ልጆች አዩ፤ አርባውንም ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» ተብለው የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ «ወደ አባቴ ቤት ልግባ» ቢል ቤቱ ፈርሶ፥ ደጁም ለሌላ ሆኖ ያገኘው ነበር። እዚህ ለቀሩት አዲስ አበባ አገር ሆነቻቸው።

ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ሲሆን፥ ከግሪኮቹና ከአርመኖቹ ብዙው እየተነሣ ሄደ። አያቱ በአዲስ አበባ የተቀበረ፥ እርሱም በአራዳ ተወልዶ አማርኛ እየተናገረ ያደገ ሰው ወደ አቴና ገባ። በፓስፖርቱ አገሩ ገባ ይባላል፤ በልቡ ግን ከአገሩ ወጣ። ይህን ሰው «ተመለሰ» ማለት ይገባልን፥ ወይስ «ተሰደደ»? ከዚህ የሚታወቀው፥ አገር በወረቀት ብቻ የማይለይ መሆኑ ነው።

የእንግሊዞቹም ነገር ከዚህ ጋራ ይመረመራል። የእንግሊዝ መንግሥት በህንድና በአፍሪካ ያሰማራቸው ሹሞች፥ ሐኪሞችና የጦር መኰንኖች ዘመናቸው ሲፈጸም ጡረታቸውን ይዘው ወደ አገራቸው መግባት የቆየ ልማዳቸው ነበረ። ዛሬም በውጭ አገር በንግድ፥ በማስተማርና በልዩ ልዩ ሥራ የሚኖረው እንግሊዛዊ ይህንኑ ያስባል። የሁሉም ፍጻሜ ግን አንድ አልሆነም፤ ይህንም በኢትዮጵያ የታወቁ ሰዎች ታሪክ ያስረዳል።

ብርጋዴር ጀኔራል ዳንኤል ሳንፎርድ የ25 ዓመት ወጣት ሳሉ፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያን አዩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ክርስቲን ጋራ መጥተው ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ሙሉ በሚባለው ስፍራ የእርሻ ቦታ ያዙ፤ ቤተሰባቸውንም በዚያ ተከሉ። ጣልያን ሲገባ ወጡ፤ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ግን የእንግሊዝን መልእክተኛ ጓድ እየመሩ ጎጃም ገብተው ከአርበኞች ጋራ ተገናኙ። ከድል በኋላ መንግሥትን በአማካሪነት አገለገሉ፤ ወይዘሮ ክርስቲንም በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ በቤተሰባቸው ስም ይጠራል። ሥራቸው ሲፈጸም ወደ እንግሊዝ መግባት ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ሙሉ ተመለሱ። በ1964 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው በኢትዮጵያ ምድር ዐረፉ።

ሲልቪያ ፓንክኸርስት ደግሞ በ1928 ዓ.ም. በሎንዶን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቁመው ለኢትዮጵያ ነጻነት የተከራከሩ ናቸው። በ1948 ዓ.ም. በ74 ዓመታቸው ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋራ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ይህ ዕድሜ ሌላው እንግሊዛዊ ወደ አገሩ የሚገባበት እንጂ ከአገሩ የሚወጣበት አልነበረም። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ዐረፉ፤ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደጅም ተቀበሩ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሲመሩ ቆይተው በ1968 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ሄዱ። በሎንዶን ሥራም ቤትም ነበራቸው፤ ነገር ግን ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ እንደ ገና ወደ አዲስ አበባ መጡ። የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ ከተከራከሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐርፈው በዚያው በቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ።

ሦስተኛው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ናቸው። አባታቸው በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ልዑክ ስለ ነበሩ እሳቸው የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ በለጋሲዮኑ ግቢ ነው። በበረሃ ጕዞና በመጻሕፍት ድርሰት ስማቸው የታወቀ ሆነ፤ ከሳንፎርድና ከአርበኞች ጋራም በጎጃም ዘምተዋል። የኋለኛውን ዘመናቸውን በኬንያ፥ በሳምቡሩ ሰዎች መካከል አሳለፉ፤ እንደ ልጅ ያሳደጓቸው ሰዎች ነበሩና በዚያው ለመሞት ያስቡ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ልጆቻቸው በሞቱባቸው ጊዜ፥ በ1986 ዓ.ም. ገደማ፥ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆነው ወደ እንግሊዝ ገቡ። በአረጋውያን መኖሪያ ቤት ኖረው በ1995 ዓ.ም. ዐረፉ። ኬንያ ከስፍራዋ አልተነሣችም፤ ተራራውም፥ ፀሐዩም፥ ከብቱም እንደ ነበረ ነው። የጠፋው ያገናኛቸው ሰው ነው፤ ያ ሲጠፋ ስፍራው ብቻውን ሊይዛቸው አልቻለም።

እነዚህ ሰዎች የተወለዱት በተለያየ ቤት፥ የኖሩትም በተለያየ ሥራ ነው። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ሰው በእርጅናው የሚያርፈው ስሙን የሚጠሩት፥ ሲታመም የሚጠይቁት፥ ሲሞት የሚቀብሩት ሰዎች ባሉበት ነው። እነዚህ ሰዎች በተወለደበት ካሉ በዚያ፥ በመጣበት ካሉም በዚህ ይሆናል።

ወደ አገሩ ለመግባት የቈረጠው እንግሊዛዊም ቢሆን በሩን ተከፍቶ አያገኘውም። የአገሩ ሕግ ብዙ ነገር ይጠይቀዋል። የመንግሥት ጡረታ በየዓመቱ የሚጨመርለት በአገሩ ውስጥ ወይም የውል ስምምነት ባለበት አገር ለሚኖር ሰው ነው፤ ከዚህ ውጪ በሆነ አገር፥ ለምሳሌ በኢትዮጵያ፥ በኬንያ፥ በአውስትራልያ ለሚኖረው ግን ጡረታው መከፈል በጀመረበት ልክ ተቸንክሮ ይቀራል። ሃያ ዓመት በዚህ መልክ የኖረ ሰው ገንዘቡ በእጁ ላይ ሲሟሟ ያያል። ወደ አገሩ ገብቶ ከተቀመጠ ወደ ጊዜው ልክ ይስተካከልለታል። በነጻ የሚሰጠውም ሕክምና ለፓስፖርቱ ሳይሆን በአገሩ ለመኖር ለገባው ሰው ነው፤ ሌላውን የመንግሥት ርዳታ ለማግኘት ደግሞ ነዋሪነቱ ይመረመራል። ስለዚህ ብዙው ሰው ሲደኸይና ሲታመም ይመለሳል፤ በዚያ ጊዜ ጓደኛው ሞቶአል፥ ወንድሙ ሌላ ከተማ ገብቶአል፥ የሰፈሩ ሰውም አያውቀውም። በውጭ ሳለ «እንግሊዛዊው» ይባል የነበረው፥ በአገሩ «ያ ከአፍሪካ የመጣው» ይባላል።

ከዚህ ጋራ የሚነጻጸር፥ ለኢትዮጵያ ልጆች ምሳሌ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱ ጊዜ ብቻቸውን የቀሩ ሕፃን ነበሩ፤ የእንግሊዝ መኰንን አንሥቶ ወደ ህንድ ወሰዳቸው። ቻርልስ ማርቲን የሚባል ስም ወጣላቸው፤ በላሖር ሕክምና ተማሩ፥ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አሳደጉ፥ በበርማም የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነው ተቀጠሩ። ቋንቋቸውንና የቤተሰባቸውን ስም ሳያውቁ አደጉ ማለት ነው። ነገር ግን የአድዋ ድል ዝና በዓለም ከተሰማ በኋላ ልባቸው ወደ አገራቸው አዘነበለ፤ በ1892 ዓ.ም. ገደማም አዲስ አበባ ገቡ። በዚያን ጊዜ አማርኛ አያውቁም ነበርና የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። አያታቸው ግን ወሬውን ሰምተው መጡ፤ በሕፃንነታቸው በነበራቸው ጠባሳም ለዩአቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ሐኪም ወርቅነህ አያታቸውን ባገኙበት ቀን እንግሊዞችን ትተው አልቀሩም። ወደ በርማ ተመልሰው አገልግሎታቸውን ቀጠሉ፤ ደግሞ መጥተው በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ለጋሲዮን ሐኪም ሆነው ለዓመታት ሠሩ፤ ያገራቸውን ሴት አገቡ፥ ቋንቋውን ተማሩ፥ ሰው ተዋወቁ። ዕድሜያቸው 55 ዓመት ሲጠጋ፥ በ1911 ዓ.ም. ገደማ፥ ከእንግሊዝ መንግሥት በጡረታ ተሰናብተው ለመኖር ሲገቡ፥ እንግዳ ሆነው አልገቡም። የሚያውቃቸው ሰውና የሚጠብቃቸው ሥራ ነበረ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ፤ ጨርጨርን ገዙ፤ በሎንዶንም የኢትዮጵያ ልዑክ ሆኑ። መመለሳቸው ኀዘን አላጣውም፤ ብንያምና ዮሴፍ የተባሉት ልጆቻቸው በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ፤ እሳቸውም በስደት ቆዩ። ከድል በኋላ ግን እንደ ገና ገቡ፤ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። መመለሳቸው የሃያ ዓመት ሥራ ነበረ፤ የመጨረሻው መርከብ የዚያ ሥራ ፍጻሜ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዘመኑ እንምጣ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ከዚህ ከተማ በሱዳንና በኬንያ፥ በጅቡቲና በሌላም በር ወጥተው የሄዱት ወጣቶች ዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመት አልፎአቸዋል። ሲወጡ «መንግሥት እስኪለወጥ» ይሉ ነበር፤ ቀጥሎ «ልጆቹ እስኪማሩ» አሉ፤ ቀጥሎም «የቤቱ ዕዳ እስኪያልቅ» ሆነ፤ ዛሬ «ጡረታዬ ይውጣ» ይላሉ። ሻንጣቸውን በልባቸው ውስጥ እንደ ታሰረ አርባ ዓመት አኖሩት። ከእነርሱ መካከል በእግሩ የተመለሰ አለ፤ በሣጥን የተመለሰም አለ። በባዕድ አገር ያሉት ዕድርተኞች ገንዘብ አዋጥተው የወንድማቸውን ሬሳ በአውሮፕላን ሲልኩ፥ የሚልኩት ለብዙ ዘመን ሲዘገይ የነበረውን መንገደኛ ነው።

ሕጉ መንገድ ከፍቶአል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት ዐዋጅ መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደ ተወ ይቈጠራል። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. የወጣው 270ኛው ዐዋጅ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለሆነ የውጭ ዜጋ፥ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» በሚለው መታወቂያ፥ ያለ ቪዛ እንዲገባ፥ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ፥ ቤትም እንዲኖረው ፈቅዶለታል። መምረጥና መመረጥ፥ በመከላከያ፥ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መደበኛ ሥራ መያዝ ግን አልተፈቀደለትም። ፈጽሞ ዜጋ መሆን የሚሻ ደግሞ በአገሩ ተቀምጦ የሌላውን ዜግነት ትቶ ሊያመለክት ይችላል።

ይሁን እንጂ ሕጉ የከፈተውን በር ዘመን መልኩን ይለውጠዋል። በውጭ ያለው የአራዳ ልጅ ዓይኑን ሲጨፍን የሚያየው አትክልት ተራን ነው፤ የሽንኵርቱን ክምር፥ የቲማቲሙን ሣጥን፥ በማለዳ የሚራገፈውን የጭነት መኪና፥ የተሸካሚውን «ዞር በሉ» ማለት፥ ከላይም የቅዳሴውን ድምፅ። ነገር ግን ያ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተነሣ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከከተማው ደቡብ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ስሙ ብቻ በስፍራው ቀረ። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳር ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደ። እንግዲህ ያ ሰው ዛሬ ቢመጣ መንገዱ ሰፍቶ፥ መብራቱ በዝቶ ያገኛል፤ የእናቱን ደጅ ግን አያገኝም። ግንቡን ለማየት የተመለሰ ሰው በሦስተኛው ቀን ያዝናል። ሰውን ሽቶ የተመለሰ ሰው ግን፥ ጎረቤቱ የት እንደ ገባ ጠይቆ በታክሲ ሄዶ ያገኘዋል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ምሳሌ አለ። ኑኃሚን በራብ ምክንያት ከቤተ ልሔም ወጥታ በሞዓብ ዐሥር ዓመት ያህል ተቀመጠች፤ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ባዶ እጇን ተመለሰች። የከተማው ሴቶች ባዩአት ጊዜ እርስዋ መሆንዋን ተጠራጠሩ። ቤተ ልሔም አገር የሆነችላት ምራትዋ ሩት ስላልተለየቻት፥ ዘመድዋ ቦዔዝም ፊቱን ስላልመለሰባት ነው። ሁለተኛው ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ነው። ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ወስዶ ሊጦረው በፈለገ ጊዜ፥ ሰማንያ ዓመት የሞላው መሆኑንና የምግብንም ጣዕም የዘፈንንም ድምፅ መለየት እንደማይችል ነግሮ፥ በአባትና በእናቱ መቃብር አጠገብ መሞትን መረጠ፤ በእርሱ ፈንታ ወጣቱ ከመዓም እንዲሄድ ለመነ። ቤርዜሊ የዕድሜውን ልክ ዐወቀ። ጥበብ ማለት ይህ ነው፤ መንገድ የሚጀመርበት ዕድሜ አለ፥ የማይጀመርበትም አለ።

ስለዚህ በውጭ ላሉት የሰበካው ልጆች የሚላከው ምክር ይህ ነው።

አንደኛ፥ በእግራቸው ሳሉ ይምጡ። ለጥምቀትና ለፋሲካ ሁለት ሳምንት መጥቶ መሄድ እንግድነት ነው፤ በእንግድነት የታየ አገር ሁልጊዜ ይጣፍጣል። ክረምቱን ከርመው፥ ውኃው ሲቋረጥ፥ መብራቱ ሲጠፋ፥ ጭቃው ሲበዛ አይተው ቢወዱት፥ መውደዳቸው የታመነ ይሆናል።

ሁለተኛ፥ ወረቀታቸውን አስቀድመው ይመርምሩ። የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው ሜዲኬር የሚባለው የሕክምና ዋስትና፥ ከጥቂት ልዩ ምክንያት በቀር፥ ከአገሩ ውጪ ለሚታከም አይከፍልም። ከክፍያው አንዱን ክፍል አቋርጦ ኋላ እንደ ገና ልግባ የሚልም ቅጣት ይጨመርበታል። የጡረታው ገንዘብ ለአሜሪካ ዜጋ እስከ ኢትዮጵያ ይደርሳል፤ ዜጋ ያልሆነ ግን ከስድስት ወር በላይ ከአገሩ ሲወጣ ሊቋረጥበት ይችላል። ይህን ሳይጠይቁ ቤት ሸጦ መምጣት በጨለማ መዝለል ነው።

ሦስተኛ፥ ቤቱን በሚመጣው ጉልበታቸው ይለኩት። አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም በአራተኛ ፎቅ ሲገዛ ዋጋው ያስደስታል፤ ጕልበት በታመመ ጊዜ ግን ያ ደረጃ ሰውን ከቅዳሴና ከሐኪም ይለያል። በወንድም ወይም በእኅት ስም የተሠራ ቤትም ወረቀቱ በጊዜው ይስተካከል፤ በዚህ ምክንያት የተለያዩ ቤተ ዘመዶች ብዙ ናቸውና።

አራተኛ፥ ከቤተሰባቸው ጋራ ይማከሩ። ባል ጎንደርን ሲያልም ሚስት የልጅ ልጆቿን ታስባለች፤ ልጆቹም ተወልደው ባደጉበት ይቀራሉ። የዓመቱን እኩሌታ እዚህ፥ እኩሌታውን እዚያ የሚኖሩ አሉ፤ ይህም መልካም ነው። ልጆቹ፥ የልጅ ልጆቹና የሚቀብረው ሰው ሁሉ በውጭ ያለ ሽማግሌም በዚያው ቢቀር አገሩን የጠላ አይባልም።

አምስተኛ፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ሰውን አስቀድመው ያኑሩ። የንስሐ አባት ይኑራቸው፤ ማኅበራቸውንም አይርሱ። ዕድር ለሚዘገይ አባል የሚያስከፍለው መግቢያ ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይህም ያለ ፍርድ አይደለም፥ ሌላው ሠላሳ ዓመት ድንኳን ሲተክል እርሱ አልነበረምና። ስለዚህ በዘመዳቸው እጅ በየወሩ እየከፈሉ ቢቈዩ፥ በሚመለሱበት ቀን አባል ሆነው ያገኙታል።

በአገር ለቀሩት ደግሞ የሚነገረው ያንሳል እንጂ አይቀልልም። የተመለሰውን ሰው እንደ ገንዘብ ከረጢት የሚያዩት አሉ፤ በመጣ ጊዜ ይከቡታል፥ ገንዘቡ ሲያልቅ ይለዩታል። በንግግሩ መካከል የባዕድ ቃል ሲገባበት የሚሥቁበትም አሉ። ሐኪም ወርቅነህ አማርኛ ሳያውቁ በገቡ ጊዜ አያታቸው ጠባሳቸውን ፈልገው ለዩአቸው እንጂ በአንደበታቸው አልሣቁም። የተመለሰ ሰው ዕውቀት ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ነርስ፥ አንዱ መሐንዲስ፥ አንዱ የሒሳብ ዐዋቂ፥ አንዱም ሠላሳ ዓመት መኪና የነዳ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ለወጣቶች እንዲያስተምር ቢጠየቅ፥ ሰበካው ይጠቀማል፤ እርሱም የሚፈለግ ሰው መሆኑን ዐውቆ ዕድሜው ይለመልማል።

ለሰበካ ጉባኤው የቀረበው አሳብም ሁለት ነው። አንደኛው፥ በዚህ ደብር ተጠምቀው በውጭ አገር ያሉትን ልጆች፥ እንዲሁም ቤታቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር የሄዱትን ምእመናን ስም የሚይዝ መዝገብ ይከፈት። ሁለተኛው፥ ከካህናትና ከምእመናን ጥቂት ሰዎች ተመርጠው፥ የተመለሰውን አረጋዊ በመጀመሪያው ዓመት እየጐበኙ ከጎረቤቱ፥ ከዕድሩና ከሐኪሙ ጋራ ያገናኙት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እግርና ልብ ይጠይቃል።

ሰፈር ሲፈርስ ጎረቤት ይበተናል፤ ገበያም ሲነሣ ነጋዴው አብሮ ይሄዳል። የሄደው ሁሉ ግን በንግሥ በዓል ቀን ነጠላውን አጣፍቶ ከሩቅ ሰፈር ወደዚህ ደጅ ሲመጣ ይታያል። እንግዲህ ለተበተነው የአራዳ ሰው የቀረው መገናኛ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከባሕር ማዶ የሚመለሰውም ሽማግሌ የእናቱን ቤት ቢያጣ፥ እዚህ ደጅ ላይ ስሙን የሚጠራው አንድ ሰው ካገኘ፥ በእውነት ወደ አገሩ ገብቶአል።

የወጡትን በሰላም ይመልስ፤ የቀሩትንም ለመቀበል ልብ ይስጥ።

ስብሐት ለእግዚአብሔር።